የዝማሬ አድራሻዎች

ዶርቃ ታናሽ እህቷን ዝማሬን ያሳደገቻት እንደ እናት ነው፤ ይህን የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሁሉ ይመሰክራል። አባታቸው ወንጌላዊ ጦና ከሶዶ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሲያርፍ፣ እናታቸው ከሞተች ዓመታት አልፈው ነበር። ዶርቃ አዲስ አበባ ኮሌጅ ትማር ነበር፤ ዝማሬ ገና አራተኛ ክፍል ነበረች። ዘመድ ለቅሶ ላይ ተሰብስቦ «ትንሿን አክስቷ ትውሰዳት» ብሎ ሲቆርጥ፣ ዶርቃ ከማንም ጋር አልተሟገተችም። በማግስቱ የልጅቱን ልብስ በአንድ ማዳበሪያ ከታ፣ እጇን ይዛ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ተሳፈረች።

በዚያን ጊዜ ሙሴ የሚባል እጮኛ ነበራት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትዳሩን ከአንድ ሕፃን ጋር መጀመር ግን አልፈለገም። «አክስቷ ጋ ትቆይና ስንደላደል እናመጣታለን» አላት። ዶርቃ ቀለበቱን መለሰችለት። ሙሴ ሌላ አገባ፤ ዛሬም እሁድ እሁድ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጥቶ ከእሷ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ስለ እሱ ዶርቃ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ተንፍሳ አታውቅም። ያልተነገረው ነገር ግን እንደ ትልቅ ቁም ሣጥን ሳሎኑ መሃል ቆሞ ነበር፤ ዝማሬ ዞር ባለች ቁጥር ትከሻዋን ይገጫታል።

ያ ሁሉ አልፎ ሁለቱ እህትማማቾች ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ዶርቃ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኝ አንድ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሆናለች። ዝማሬ ደግሞ ተመርቃ፣ ላፍቶ ባለ አንድ ክሊኒክ ሰው ሠራሽ እግር ለሚሠሩ ባለሙያዎች ረዳት ሆና ተቀጥራለች። ሥራዋን ትወደው ነበር። የጋለውን ፕላስቲክ በጂፕሰሙ ቅርጽ ላይ ስትጠቀልል እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ማታ ቤት ስትገባ ጥፍሯ ሥር ነጭ የጂፕሰም ዱቄት አይጠፋም። ራት እየበሉ ስለ ታካሚዎቿ ታወራለች፤ ዶርቃም እየሰማች ከራሷ ሳህን ወጥ ወደ እህቷ በኩል ትገፋላታለች።

የኢሜሉ ነገር የተጀመረው ከዚህ ቀደም፣ ዝማሬ ሥራ ስትፈልግ ነው። ያገኘችውን ማስታወቂያ ሁሉ እየተከተለች ኢሜሏን ለማንም ትሰጥ ነበር። ከሰጠቻቸው ከአንዱ ዘንድ አድራሻዋ ወጣና፣ አጭበርባሪዎች የይለፍ ቃሏን ሰብረው ገቡ። ከዚያ በስሟ ለምታውቀው ሰው ሁሉ «ሆስፒታል ተኝቻለሁ፣ እርዱኝ» ብለው ጻፉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አምነው ገንዘብ ላኩ። ነገሩ ሲጣራ ማንም ዝማሬን አልወቀሳትም፤ እሷ ግን አፍራ፣ መዘምራን መሃል ቆማ አፏን መክፈት እስኪያቅታት ደረሰች።

ዶርቃ እህቷ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ ማየት አልቻለችም። ከድርጅቱ አገልግሎት የወጣ አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ አለቃዋን አስፈቅዳ ሊነክስ የተባለ ሶፍትዌር ጫነችበትና በሰርቨር ክፍሉ ጥግ፣ ማንም በማይነካው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

አሠራሩ ለሰሚ ቀላል ነው። ሰው አንድ እውነተኛ ኢሜል አለው፤ እሱን ለማንም አይሰጥም። ለባንኩ አንድ ተለዋጭ አድራሻ ይፈጥራል፣ ለልብስ ቤቱ ሌላ፣ ለሥራ ማመልከቻው ደግሞ ሌላ። ለእነዚህ ሁሉ የሚላከው መልእክት መጀመሪያ የዶርቃ ሰርቨር ላይ ያርፍና፣ ከዚያ ወደ እውነተኛው ሳጥን ያልፋል። አንዱ አድራሻ ሌባ እጅ ከገባ ያንኑ መዝጋት ነው፤ ሌሎቹ አይነኩም።

ማቋቋሙ ግን ቀላል አልነበረም። ትልልቆቹ የኢሜል ኩባንያዎች ከማያውቁት ሰርቨር የመጣ መልእክት ሲያዩ፣ ሰፈር ውስጥ ፀጉረ ልውጥ እንዳዩ ዘበኞች ነው የሚሆኑት። ዶርቃ ከሥራ ባልደረባዋ ከሮበሌ ጋር ሆና፣ ሰርቨሩ ማን እንደሆነና ለማን እንደሚልክ የሚያረጋግጡትን መዝገቦች አንድ በአንድ እየሞላች፣ ስትሳሳት እያረመች ሳምንታት ፈጀች። በመጨረሻ የሙከራ መልእክቷ ቆሻሻ ውስጥ ሳይጣል ዝማሬ ስልክ ላይ ብቅ ሲል፣ ሮበሌ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ሳቀ። የሰርቨሩን ስም «ጥላ» አሉት።

ዝማሬ መጀመሪያ ያነሳችው ጥያቄ የሚጠበቅ ነበር።

«እቴቴ፣ የሚላክልኝን ሁሉ አንቺ ታዪዋለሽ ማለት ነው?»

«ብፈልግ አያለሁ» አለች ዶርቃ። «ግን አላይም።»

«ቃል?»

«ቃሌ ነው። እኔ በረኛ ነኝ እንጂ አንባቢ አይደለሁም።»

ዝማሬ አመነቻት። ቀስ በቀስ የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶችም አወቁት፤ ሱቅ ያላቸው፣ ሥራ ፈላጊዎች፣ የቀድሞ ባሏ በየመልእክቱ የሚያስጨንቃት አንዲት ሴት ሳትቀር በ«ጥላ» ሥር ገቡ። ዶርቃ ለማንም እንቢ አላለችም። ምስጋናውንም አልጠላችውም።

ከዚያ የአርባ ምንጩ ነገር መጣ። ዝማሬ አርባ ምንጭ ባለ ክሊኒክ የተሻለ ቦታ አገኘችና በደስታ እየሮጠች መጥታ ነገረቻት። ዶርቃ «ሂጂ እንጂ፣ ማን ይከለክልሻል» አለች። ከዚያ እህል አልቀምስ አለች። ደም ግፊቷ ወጣ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ ምን ሆንሽ ስትባል «ምንም» ትላለች። ሳምንቱ ሳያልቅ ዝማሬ ስልክ ደውላ ቦታውን እንደማትፈልገው ነገረቻቸው። ዶርቃ በማግስቱ ተነስታ ቁርስ ሠራች። ሁለቱም ነገሩን ዳግም አላነሱትም፤ ዝማሬ ግን ከዚያ ወዲህ ያሰበችውን ሁሉ መናገር ተወች።

በቀጣዩ ክረምት መብራት በየቀኑ ይጠፋ ነበር። የሰርቨሩን መጠባበቂያ ቅጂ የሚሠራው ፕሮግራም ግማሽ መንገድ ላይ እየተቋረጠ፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ እንደ አዲስ እየጀመረ፣ ዲስኩን በተቆራረጠ ቅጂ ሞላው። ሰርቨር ዲስኩ ሲሞላ መልእክት ይዞ የመጣውን «አሁን ቦታ የለኝም፣ ቆይተህ ሞክር» ይለዋል። ላኪውም ለጥቂት ቀናት እየተመላለሰ ይሞክራል፤ ካልሆነለት ይተዋል።

ዶርቃ ጠዋት ቢሮ ገብታ ይህን አየች። ምን ያህል መልእክት ደጅ እንደቆመ ለማወቅ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተች። መዝገቡ የመልእክቱን ይዘት አያሳይም፤ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ብቻ ነው። መስመሮቹን ወደ ታች እያወረደች ሳለ ዓይኗ አንዱ ላይ ቆመ። ተቀባዩ «እርምጃ» የሚል አድራሻ ነው፤ ባለቤቷ ዝማሬ። ላኪው ደግሞ ታንዛኒያ ያለ የሥልጠና ተቋም፣ የተማሪዎች ቅበላ ክፍል።

የተቋሙን ስም ፈልጋ አየችው። ሰው ሠራሽ እጅና እግር የሚሠሩ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ከአፍሪካ አገሮች ተማሪ እየመረጠ፣ ወጪያቸውን ሸፍኖ፣ ለዓመታት ያስተምራል። የተመረጡት የሚታወቁት በዚህ ወር ነው ይላል።

ዶርቃን መጀመሪያ የተሰማት ኀዘን አይደለም፣ ውርደት ነው። ዝማሬ ይህን ሁሉ ስትጽፍ፣ ምስክር ወረቀት ስትሰበስብ፣ አስተማሪ ስታስፈርም ዶርቃ አጠገቧ ነበረች፤ አንድ ሶፋ ላይ። ደግሞም የሸሸገችው የትም አይደለም፤ ዶርቃ ራሷ በሠራችው ቤት፣ «ጥላ» ውስጥ ነው። እዚያ ማንም አያይብኝም ብላ።

ዲስኩን ማጽዳት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነበር። ዶርቃ አልጻፈችውም። ኮምፒውተሩን ዘግታ ምሳ ወጣች።

«ጥላ ምን ሆነ? ሚስቴ መልእክት አይገባም ትላለች» አላት ሮበሌ ከሰዓት በኋላ።

«ዲስኩ ሞልቷል። አየዋለሁ።»

በማግስቱም አየዋለሁ አለች፤ በሦስተኛውም ቀን። ስልኳ መጮህ ጀመረ። አንዱ የባንክ ማረጋገጫ እየጠበቀ ነው፣ ሌላዋ የፈተና ውጤት። ዶርቃ ለሁሉም «መብራቱ ነው፣ ታገሱ» ትላለች። እየዋለ ሲያድር ሮበሌ ወንበሩን አስጠግቶ መጣ።

«እኔ ላጽዳው እንዴ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም እኮ።»

«ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለችው። ቆጣ ብላ ነበር፤ ሮበሌ ትከሻውን ሰብቆ ተመለሰ።

ያን ከሰዓት ሠራችው። ዲስኩን ከማጽዳቷ በፊት ግን የአስተዳዳሪውን ገጽ ከፈተች፤ «እርምጃ» የሚለውን አድራሻ ፈለገች፤ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ተጫነቻት። ግራጫ ሆነች። የተዘጋ አድራሻ የሚመጣለትን መልእክት በጨዋነት ይቀበልና ይጥለዋል፤ ላኪው ደርሶልኛል ብሎ ይቀመጣል። ይህን አሠራር የመረጠችው ራሷ ዶርቃ ነበረች፤ አጭበርባሪዎች አድራሻው መዘጋቱን አውቀው ሌላ መንገድ እንዳይፈልጉ።

ለጊዜው ነው አለች ለራሷ። እስኪ ላስብበት። እስኪ ራሷ ትንገረኝ። ከነገረችኝ እከፍተዋለሁ።

ዝማሬ አልነገረቻትም። ስልኳን ግን ከእጇ አትለይም ነበር። ወጥ ቤት ይዛው ትገባለች፣ መታጠቢያ ቤት ይዛው ትገባለች። አንድ ቀን ራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ «እቴቴ፣ ሰርቨሩ ደህና ነው አይደል?» አለች።

«ደህና ነው። ምነው?»

«ምንም። የምጠብቀው ነገር ነበር።»

«ከመጣ ይደርስሻል» አለች ዶርቃ፤ ቃሉ ሲወጣ ድምጿ እንኳን አልተለወጠም። ይህ ራሷን አስደነገጣት።

እሁድ ከአምልኮ በፊት ዶርቃ ዝማሬን አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ትጸልዪልኛለሽ? አንድ የልቤ ጉዳይ አለ። ምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ።»

ዶርቃ እምቢ ማለት አልቻለችም። ዝማሬ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈራ፣ ስትታመም፣ ፈተና ሲደርስባት እንደምታደርግላት እጇን እህቷ ራስ ላይ ጫነች። አፏ የለመደውን ቃል ሁሉ አወጣ፤ ጌታ ሆይ በሩን ክፈትላት፣ የዘጋባት ካለ አንተ ግለጠው አለች። ዝማሬ እንባዋ እየወረደ «አሜን» ትላለች። ዶርቃ ያን ዕለት ከአምልኮ ስትመለስ አድራሻውን ልክፈተው ብላ ላፕቶፑን አወጣች። ከዚያ የዝማሬን ባዶ አልጋ፣ ባዶውን ሶፋ፣ ለአንድ ሰው የሚሠራ ራት አሰበችና መልሳ ዘጋችው።

ከዝማሬ ጋር ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራ ሄርሜላ የምትባል ልጅ ነበረች። ለዚያው ተቋም አብረው ነው ያመለከቱት። ሄርሜላ በተራ ኢሜሏ ነበር የጻፈችው፤ መልሱ ደረሳት፤ ተመርጣለች። ዝማሬ አቀፈቻት፣ ሻንጣዋን አብራት ገዛች፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘቻት። ስትመለስ ዶርቃን «ጓደኛዬ ለትምህርት ሄደች» ብቻ አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኔ ለካ ያን ያህል ጎበዝ አይደለሁም» ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ታካሚዎቿ ማውራት ተወች። ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ዶርቃ ደግ ሆነችላት፤ አዲስ ጫማ ገዛችላት፣ የምትወደውን ቆጭቆጫ የሚባል የቃሪያ ድልህ ከሀገር ቤት አስመጣችላት። የተቋሙ ምዝገባ ካበቃ በኋላ «እርምጃ»ን ዳግም ከፈተችው፤ ምልክቷ እንደ ድሮው አረንጓዴ ሆነች። አሁን ሁሉም ነገር በቦታው ነው ብላ አሰበች።

ከወር በላይ ቆይቶ ሄርሜላ ከታንዛኒያ ደወለች። ዝማሬ ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ቆማ ነው የሰማቻት።

«ለምን እንቢ አልሽ?» አለቻት ሄርሜላ። «አስተማሪው ዛሬ ስላንቺ ጠየቀኝ። ከማመልከቻው ጋር ከላክናቸው ሥራዎች ያንቺ ነው የተሻለው። ሁለቴ ጻፍንላት፣ አልመለሰችም፣ ቦታዋን ለሌላ ሰጠን አለኝ።»

ዝማሬ ከሥራዋ አስፈቅዳ ወጣች። ቤት ገብታ ላፕቶፗን ከፍታ የራሷን የ«ጥላ» ገጽ አየች። እያንዳንዱ አድራሻ ከጎኑ ቁጥር አለው፤ ስንት መልእክት እንዳለፈ፣ ስንት እንደታገደ። ሱቆቹን ስትዘጋ ብቻ ነበር ይህን ቁጥር አይታው የምታውቀው። «እርምጃ» ላይ፣ ያለፈ አንድ ይላል፤ ማመልከቻሽ ደርሶናል የሚለው ነው። የታገደ፣ ሁለት።

አድራሻ መዝጋት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ባለቤቱና አስተዳዳሪዋ።

ዶርቃ ያን ዕለት ከገበያ ስትመለስ፣ ፌስታሎቹን በሁለት እጇ እንደያዘች በሩን በክርኗ ገፋችው። ዝማሬ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ላፕቶፑ ጉልበቷ ላይ ተከፍቷል።

«ይሄን ዘግተሽው ነበር?» አለች፤ ስክሪኑን ወደ እሷ አዙራ።

ዶርቃ አየችው። ፌስታሎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች። ዲስክ፣ መብራት፣ ስሕተት፤ ሁሉም ምላሷ ላይ መጥተው ነበር። የእህቷን ፊት ስታይ ግን አንዱም አልወጣ አለ።

«አዎ።»

«አንብበሽዋል?»

«አላነበብኩትም። ቃሌን…» ብላ ጀመረችና የምትለው ነገር ለራሷም አስቀያሚ ሆነባት። «ከማን እንደሆነ ብቻ ነው ያየሁት።»

«ብታነቢው ይሻል ነበር» አለች ዝማሬ። «ቢያንስ ምን እንደወሰድሽብኝ ታውቂ ነበር።»

«ለምን ደበቅሽኝ? እህትሽ አይደለሁም?»

«ብነግርሽ ትታመሚያለሻ።»

ዶርቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች።  «ላንቺ ብዬ ያልሆንኩት የለም» አለች። «ሙሴን የተውኩት ለማን ብዬ ነው? ዛሬ ልጆቹን ይዞ ፊቴ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማኝ ታውቂያለሽ?»

ሳይነገር ሳሎኑ መሃል የቆመው ያ ቁም ሣጥን በመጨረሻ ወደቀ። ዝማሬ ለረጅም ጊዜ ስትጠብቀው የኖረች ይመስል አልደነገጠችም።

«ተዪው አላልኩሽም» አለች። «አሥር ዓመቴ ነበር፣ እቴቴ። የጠየቀኝ ሰው የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ከፋይዋ እኔ ነኝ። የሰርግ ዘፈን ሲሰማ፣ ሰርግ ስንጠራ፣ አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር እከፍላለሁ። ስንት እንደቀረኝ ነግረሽኝ አታውቂም።»

«እኔ ክፈዪኝ ብያለሁ?»

«አላልሽም። በሩን ዘጋሽብኝና አብረሽኝ ጸለይሽ እንጂ።»

 ከፌስታሉ አንድ ቲማቲም ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባሎ ነበር፤ ዶርቃ ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ እጇ ላይ ይዛው ቀረች። ዝማሬ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። ሻንጣ ሲጎተት ይሰማል። የክሊኒኩ ነርስ ላፍቶ ላይ የተከራየችው ቤት አንድ ክፍል ትርፍ ነበረው፤ ዝማሬ ወደዚያ ነው የሄደችው። በሩ ላይ ቆም ብላ «መድኃኒትሽን እንዳትረሺ» አለች። ይህን ያለችው በፍቅር ይሁን በልማድ፣ ዶርቃ ብዙ ቀን አስባበት ልትለየው አልቻለችም።

በቀጣዩ ሳምንት ዝማሬ አድራሻዎቿን አንድ በአንድ አጠፋች። ዶርቃ የሰርቨሩን ደህንነት ነው የማየው እያለች ራሷን እያታለለች፣ ቢሮ ተቀምጣ ሲጠፉ ታያቸዋለች። የባንኩ ሄደ። የልብስ ቤቱ ሄደ። የመዘምራኑ ሄደ። «እርምጃ» ሄደ። ከዚያ የዝማሬ ስም ራሱ ከተጠቃሚዎች መሃል ወጣ።

ሮበሌም አንድ ነገር አይቷል። ሰርቨሩን ወደ አዲስ ዲስክ ሲያዛውር የአስተዳዳሪውን መዝገብ ማየት ነበረበት። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «የዝማሬን አድራሻ የዘጋሽው ዲስኩን ከማጽዳትሽ በፊት ነው» አላት።

«አዎ» አለች።

ሌላ አልጠየቀም። ሥራውን ጨርሶ ሻይ ጋበዛት፤ ስለ ኳስም አወራ። ብዙም ሳይቆይ ግን የሚስቱና የራሱ አድራሻዎች በሙሉ ከ«ጥላ» ወጡ። ዶርቃ ለምን ብላ አልጠየቀችውም።

ዝማሬ ለማንም አልተናገረችም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገናኙ ጉንጭ ለጉንጭ ትስማታለች፤ «እንዴት ነሽ፣ እህት ዶርቃ» ትላታለች፣ ለማንኛዋም የአጥቢያው ሴት እንደሚባለው። እቴቴ የሚለው ስም ከአፏ ጠፋ። ሰው ግን «ዝማሬ ለሥራዋ እንዲቀርባት ላፍቶ ገባች» ብሎ ነበር የተረዳው፤ ዶርቃንም ማመስገኑን ቀጠለ። በወጣቶች ጉባኤ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ልጆቻችንን ከአጭበርባሪ የጠበቀች እህት ብለው አስጨበጨቡላት። ዶርቃ ተነስታ እጅ ነሳች። ዝማሬ ከመዘምራኑ መሃል ሆና እንደ ሌላው ሰው ታጨበጭብ ነበር። ብትናገርብኝ ይሻለኝ ነበር ስትል ዶርቃ ብዙ ጊዜ አሰበች፤ ተናግራ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መልስ ይሰጣል፣ ይለመናል፣ ሽምግልና ይላካል። ላልተነገረ ነገር ሽማግሌ አይላክም። ይህን ለዝማሬ ያስተማረቻት ራሷ ናት።

ዓመቱ ሲዞር ተቋሙ እንደገና ተማሪ እንደሚቀበል ዶርቃ ኢንተርኔት ላይ አየች። በየቀኑ እየገባች ነበር ለካ የምታየው። ልትጽፍላት አስባ የምትጽፍበት አድራሻ እንደሌላት አስታወሰች። ስልክ ብትደውል ላታነሳው ትችላለች። ከሥራ ቀርታ፣ ከጀሞ ታክሲ ይዛ ላፍቶ ክሊኒኩ ድረስ ሄደች።

ዝማሬን በመስታወቱ አየቻት። ታካሚ ተደግፎ በሚራመድባቸው ሁለት ብረቶች መካከል የቆመ አንድ ሰውዬ ፊት ተንበርክካ፣ አዲሱን እግር ከጉልበቱ ጋር እያስተካከለች ነበር። ሰውየው አንድ ጊዜ ረገጠ፣ ፊቱን አኮማተረ፤ ዝማሬ የሆነ ነገር ነገረችው፣ አወለቀችለት፣ ሞርዳ መልሳ አጠለቀችለት። ዶርቃ እህቷ ስትሠራ አይታት አታውቅም ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

ዝማሬ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወጣች። ከስታለች፤ ግን ደህና ናት።

«ደህና ነሽ? አሞሻል?» አለች ዝማሬ።

«ደህና ነኝ። ያ ትምህርት ቤት ዘንድሮም እየተቀበለ ነው። ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

የዝማሬ ፊት ትንሽ ላላ አለ። ለአንድ አፍታ አጠገቧ ልትቀመጥ መስሏት ዶርቃ ቦርሳዋን ከአግዳሚው ላይ አነሳች።

«አውቃለሁ» አለች ዝማሬ። «አመልክቻለሁ።»

«በየትኛው አድራሻ?»

ከአፏ አመለጣት። ክፉ አስባ አልነበረም፤ ለዓመታት ስትጠይቀው የኖረችው የሥራ ጥያቄ ነበር። ዝማሬ ግን ፎጣውን አጣጥፋ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። የላላው ፊቷ ተመልሶ ተዘጋ።

«ታካሚ ይጠብቀኛል፣ እህት ዶርቃ» አለች፤ ገባች።

ዶርቃ ከዚያ ወጣች። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር፤ ተራዋ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሳታየው አለፋት።

ዝማሬ በዚያ ዓመት ተቀባይነት አገኘች። ዶርቃ የሰማችው እሁድ ጠዋት ነው፤ ፓስተሩ ከመድረክ ሆነው «እህታችን ዝማሬ ለትምህርት ወደ ታንዛኒያ ስለምትሄድ እጃችንን እንጫንባት» ሲሉ። ሽማግሌዎቹ ከበቧት። አንዱ ወደ ዶርቃ ዞረው «ነይ እንጂ፣ አሳዳጊዋ» ብለው ጠሯት። ሄደች። ክቡ ውስጥ ቦታ ለቀቁላት፤ እጇን ግን ከሌሎቹ እጆች በላይ ብቻ አደረገችው፤ የእህቷን ፀጉር አልነካም። አፏን ከፈተች፤ ቃል አልመጣላትም። ዝማሬ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ከአምልኮ በኋላ ሰዎች ዶርቃን በር ላይ እየተቀበሉ ሳሟት። የሙሴ ሚስት ሳትቀር እጇን ጨበጠቻት።

«እንኳን ደስ ያለሽ። ስትለፊ ኖረሽ የልፋትሽን ፍሬ አየሽ።»

«አሜን» አለች ዶርቃ፤ ከኋላ የቆመው ሰው እንዲያልፍም ጥግ ያዘች።